ደስታ መሰል በሽታ ወደ በግና ፍየል ሕዋስ የሚገባባቸው ሁለት በሮች

የከብት ደስታ በሽታ በ1880 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ ወሎን ጨምሮ አገሪቱን ለመታው የክፉ ቀን ረሀብ ዋነኛ መንስኤ ሆነ፤ ከዓለም መጥፋቱም እ.ኤ.አ. በ2011 ታወጀ። የቅርብ ዘመዱ የሆነው የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ (ፒ.ፒ.አር.) ግን እስካሁን አልጠፋም፤ ለአምባሰልና ለሐይቅ አካባቢ አርቢዎችም ስጋት ነው።

ቫይረሱ በላዩ ላይ ባለው ኤች ፕሮቲን አማካይነት በቅድሚያ በበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ላይ የሚገኘውን ስላም የተሰኘ ፕሮቲን ይይዛል። ኤፍ ፕሮቲን ደግሞ የቫይረሱንና የሕዋሱን ሽፋን ያዋህዳል፤ የቫይረሱ ዘረመልም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በሊምፍ ዕጢዎች ከተባዛ በኋላ ኔክቲን-4 በተባለው ሌላ ፕሮቲን በኩል የአፍን፣ የመተንፈሻ አካላትንና የአንጀትን ገጽ የሚሸፍኑ ሕዋሳትን ያጠቃል።

ስለዚህ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስልና ተቅማጥ የሚታዩት ቫይረሱ የመጀመሪያውን በር አልፎ የመከላከል አቅምን ካዳከመ በኋላ ነው። ምልክት የታየበትን እንስሳ ከመንጋው መለየት ተገቢ ቢሆንም ብቻውን የዘገየ እርምጃ ይሆናል። በቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት ግን እነዚህን የመግቢያ ፕሮቲኖች የሚያግዱ አንቲቦዲዎች አስቀድመው እንዲዘጋጁ ያደርጋል። እንስሳት በገበያ ከመቀላቀላቸው በፊት መከተባቸው አስፈላጊ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።