የእንግሊዝኛን ዐረፍተ ነገር ስለ መሥራት

ድንጋይ በሜዳ ላይ ቢከመር ቤት እንደማይባል፥ ቃላትም በልብ ውስጥ ቢከማቹ ንግግር አይባሉም። ግንበኛው የማዕዘኑን ድንጋይ በማዕዘኑ፥ የደፉን በደፉ አኑሮ በጭቃ ሲያያይዘው ያን ጊዜ ቤት ይሆናል። እንግሊዝኛ የሚማር ልጅም መቶ ቃላት አጥንቶ አንድ ነገር መናገር ቢሳነው፥ የጎደለው ቃላቱን የሚያያይዘው ሰዋስው ነው።

ከጣልያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ይበልጥ የሚሰጠው የፈረንሳይኛ ቋንቋ ነበር። ከ1933 ዓመተ ምሕረት ነፃነት በኋላ ግን እንግሊዝኛ ስፍራውን ያዘ፤ እስከ ዛሬም ድረስ በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በታናሽነቱ ሰዋስውን የናቀ ልጅ፥ ካደገ በኋላ የሒሳቡም የሳይንሱም መጽሐፍ ይዘጋበታል።

አማርኛ ግሱን በመጨረሻ ያስቀምጣል። «ልጁ ውሻውን መታ» ሲባል ሰሚው «መታ» እስኪባል ድረስ ይጠብቃል። እንግሊዝኛ ግን ግሱን በባለቤቱና በተሳቢው መካከል ያስገባዋል፤ «ዘ ቦይ ሂት ዘ ዶግ» ይላል፤ ይኸውም ቃል በቃል «ልጁ መታ ውሻውን» እንደ ማለት ነው። በአማርኛ ተሳቢውን የምታስታውቀው «ን» የምትባለው ፊደል ናት፤ ስለዚህ «ውሻውን ልጁ መታ» ቢባልም የተመታው ያው ውሻው ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለች ፊደል ስለሌለው መቺውን ከተመቺው የሚለየው በስፍራቸው ነው። ተማሪው ቃላቱን አዛውሮ «ዘ ዶግ ሂት ዘ ቦይ» ቢል በደሉ ከልጁ ወደ ውሻው ዞረ ማለት ነው።

ደግሞም የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በራሱ ውስጥ ተሸክሞ ይሄዳል። «መጣች» የሚለው አንድ ቃል ነው፤ የመጣችው ሴት እንደ ሆነች ማንም ያውቃል። በእንግሊዝኛ ግን «ሺ ኬም» ተብሎ በሁለት ቃላት ይነገራል። «ሰበርኩት» የሚለውም «አይ ብሮክ ኢት» ተብሎ ሦስት ይሆናል። ተማሪው እንደ አገሩ ልማድ «ኬም» ብቻ ቢል እንግሊዛዊው «ማን?» ብሎ ይጠይቀዋል።

ጨዋ ልጅ በመጀመሪያ የሚያፍርበት ነገርም አለ። አማርኛ አንተ፥ አንቺ፥ እርስዎ፥ እናንተ ብሎ ይለያል፤ እንግሊዝኛ ግን ሕፃኑንም ሽማግሌውንም «ዩ» ይላል። ልጁ መምህሩን የደፈረ ይመስለዋል። ነገር ግን በጥንት ዘመን እንግሊዞች ለአንድ ሰው «ዛው» የሚሉት ቃል ነበራቸው፤ «ዩ» ደግሞ ለብዙ ሰዎችና ለሚከበር ሰው የሚነገር ነበር። ኋላ «ዛው» ከዕለት ንግግር ወጣና የአክብሮቱ ቃል ለሁሉ ሆነ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ሕፃኑም በጥንቱ የአክብሮት ቃል ይጠራል ማለት ይቻላል።

ብዙ ተማሪዎች ትልልቁን ቃል አጥንተው ትንንሹን ይዘሉታል። አንዲት ልጅ እንዲሁ ታደርግ ነበር። አንድ ቀን አያቷ ከሐኪም ቤት የመጣ የመድኃኒት ጠርሙስ ሰጥተው «እስቲ ልጄ፥ ምን ይላል?» አሏት። በጠርሙሱ ላይ «ቱ ስፑንፉልስ ቢፎር ሚልስ» የሚል ተጽፎ ነበር። ልጅቱ ጥቂት ካሰበች በኋላ «እማማ፥ ሁለት ማንኪያ ይላል፤ ስለ ምግብም ይናገራል። ነገር ግን ከምግብ በፊት ይሁን ከምግብ በኋላ፥ በመካከል ያለችውን ቃል አላወቅኋትም» አለች። አያቷም «መቼም በባዶ ሆድ ውሰጂ አይሉኝም፤ በልቼ ልውሰደው» አሉ። ልጅቱ ግን «እማማ፥ ይህ ግምት ነው፤ ጠይቄ እስክመለስ ይቆዩኝ» ብላ ወደ ሐኪሙ ሮጠች። ሐኪሙ «ቢፎር» ማለት «በፊት» እንደ ሆነ ነገራት። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ የሚወሰድ ነበር።

እንዲህ ያሉት ቃላት መስተዋድድ ይባላሉ። በአማርኛ «በሣጥኑ ውስጥ» ሲባል «በ» ከፊት፥ «ውስጥ» ከኋላ ሆነው ስሙን ያቅፉታል። እንግሊዝኛ ግን «ኢን ዘ ቦክስ» ብሎ አንዱን ቃል ከፊት ያስቀድማል፤ ከኋላ የሚከተል የለም።

ስለ ድምፅም ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ብቻ ስለ ሆነ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ፊደል ብዙ ድምፅ አለው። መርከብና በግ በአማርኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ሺፕ» ይሆናሉ፤ በእንግሊዝኛ ግን የመርከቡ ድምፅ አጭር፥ የበጉ ረጅም ነው። ምላስን በጥርስና በጥርስ መካከል አድርገው የሚያወጡትም ድምፅ አለ፤ በአማርኛ ፊደል የለውም። ይህን ያልተለማመደ ልጅ «አይ ቲንክ» ማለትም «አስባለሁ» ሊል ፈልጎ «አይ ሲንክ» ይላል፤ ትርጓሜውም «እሰጥማለሁ» ነው። ቢላዋ «ናይፍ» ተብሎ ሲነበብ በራሱ ላይ የማይነበብ «ኬ» አለበት። ጥንት ይነበብ ነበር፤ ድምፁ ሲጠፋ ጽሕፈቱ ቀረ። በዚህ የሚሥቅ ልጅ ካለ «ንጉሥ» በንጉሡ «ሠ»፥ «ሰው» በእሳቱ «ሰ» የሚጻፈው ስለ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይመልስ።

ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1755 ዓ.ም. ከ40,000 በላይ ቃላት ያሉበትን መዝገበ ቃላት አሳተመ። ይህ ሰው ቀደም ብሎ በ1735 ሎቦ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ መልሶ አሳትሞ ነበር፤ በ1759 ደግሞ ራሴላስ ስለሚባል የሐበሻ ልዑል ልብ ወለድ ታሪክ ጽፏል። በመዝገበ ቃላቱ የቃሉን ፍች በመስጠት ብቻ አልተወም፤ ደራሲዎች ቃሉን እንዴት እንደ ተናገሩበት ከመጻሕፍታቸው ዐረፍተ ነገር እያወጣ አሳየ። ቃል በብቻው ሳለ የማይታወቅ ጠባዩ ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን ይገለጣልና። ተማሪም በደብተሩ «ሪቨር፥ ወንዝ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ ወንዙን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ቢያስገባው ይሻለዋል።

መልመጃውም እንዲህ ነው። ልጁ በሰሌዳው ላይ «ዘ ቦይ ዎክድ» ብሎ ይጽፋል፤ ልጁ ሄደ ማለት ነው። «ወዴት?» ብሎ ራሱን ይጠይቅና «ቱ ዘ ሪቨር» ብሎ ይጨምራል። «መቼ?» ይልና «የስተርዴይ» ብሎ ትናንትን ያስከትላል። ከዚያ «ቦይ»ን ደምስሶ «ገርል» ይጽፋል፤ ባለቤቱ ከወንድ ወደ ሴት ሲዞር ግሱ እንደ አማርኛው «ሄደች» ብሎ አይለወጥም። ቀጥሎ «የስተርዴይ»ን ደምስሶ «ኤቭሪ ዴይ»፥ ማለትም በየቀኑ፥ ይላል፤ አሁን ግሱ «ዎክስ» ይሆናል፤ በመጨረሻው ያለችው «ኤስ» ከተረሳች መምህሩ በቀይ ቀለም ይመልሳታል። በመጨረሻም «ቱሞሮ»፥ ማለትም ነገ፥ ብሎ ሲጽፍ «ዊል» ከግሱ ፊት ትገባለች፤ «ኤስ» ትወጣለች፤ ዐረፍተ ነገሩም «ዘ ገርል ዊል ዎክ ቱ ዘ ሪቨር ቱሞሮ» ተብሎ ይነበባል።