ደንዳናውን ዘመናዊ ፎንት ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ለድርጅትዎ ሎጎ ወይም ታፔላ ወፍራም፣ ማዕዘኑ የጎላ፣ የፋብሪካና የመንኮራኩር መልክ ያለው ፎንት አምሮዎታል? ምርጫው አይጠላም። ዝርያው ነባር ነው፦ ጣሊያናዊው አልዶ ኖቫሬዜ ዩሮስታይል የተባለውን ፎንት ለፊደል አምራቹ ኔቢዮሎ ያወጣው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ግን ሻጩ የሚያሳይዎ ያማረውን ብቻ ስለሆነ እነዚህን እርስዎ ይጠይቁ።

• የግዕዝ ፊደል አለው? አብዛኞቹ የላቸውም። ታዋቂው ኦርቢትሮን እንኳ የላቲን ነው። አማርኛ ሲጽፉበት ኮምፒዩተሩ ከሌላ ፎንት ወስዶ ይሞላዋል፤ ፊደሉ በድንገት ከቀጠነብዎ ምክንያቱ ይኸው ነው። ዲዛይነሩ «አማርኛውን እኔ እሥልልዎታለሁ» ካለ ስንት ፊደል እንደሚያስረክብ በጽሑፍ ያስፍር። የላቲን ትልልቅ ፊደላት 26 ናቸው፤ የእኛ መሠረታዊዎቹ ብቻ 33 በ7፣ 231 ናቸው። የድርጅትዎን ስም ብቻ ሠርቶ ከሰጠዎ ነገ «ቅርንጫፍ» ለማለት እንደገና ይከፍላሉ።

• ሲወፍር ይነበባል? «ቢ» እና «ቤ»፣ «ጠ» እና «ጨ»፣ «ነ» እና «ኘ» ጎን ለጎን ያጽፉ። ፊደል ሲደነድን የ«ቤ» ቀለበት ይደፈናል፣ የ«ጨ» ምልክትም ይጠፋል። ስክሪን ላይ አጉልተው ቢያሳዩዎ አይበቃም፤ በቢዝነስ ካርድ መጠን ታትሞ ይዩት።

• ውፍረቱ ከየት መጣ? ቀጭኑን ፎንት በ«ቦልድ» ቁልፍ ማወፈር ጠርዙን ያበላሻል። ራሱን የቻለ የቦልድ ፋይል ይጠይቁ።

• ዩኒኮድ ነው? ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በቀድሞው አሠራር የተሠሩ ፎንቶች ግን ዛሬም ይሸጣሉ። ጽሑፉን ኮፒ አድርገው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉት። የላቲን ዝብርቅርቅ ከሆነ አይግዙት።

• ፈቃዱ ምን ይሸፍናል? ድብቁ ወጪ በአብዛኛው እዚህ ነው። «ነጻ» የሚለው ብዙ ጊዜ ለግል ጥቅም ብቻ ነው። የተከፈለበትም ቢሆን የኮምፒዩተሩ፣ የድረ ገጹና የሞባይል መተግበሪያው ፈቃድ በየራሱ ሊሸጥ ይችላል፤ የድረ ገጹ አንዳንዴ በጎብኚ ብዛት ይተመናል። ሎጎውን በንግድ ምልክትነት ማስመዝገብ ይፈቀዳል? የተገዛውስ በማን ስም ነው? በዲዛይነሩ ስም ከሆነ፣ እርስዎ ፎንቱን ለመጠቀም ፈቃድ ላይኖርዎ ይችላል። ኦርቢትሮንን የመሰሉ በክፍት ፈቃድ የወጡ ፎንቶች ለንግድም በነጻ ያገለግላሉ፤ ለእነሱ «የፎንት ዋጋ» ብሎ ሂሳብ የሚያመጣልዎን የምኑ እንደሆነ ይጠይቁት።

• የላቲን ትንንሽ ፊደላትስ አሉት? በ1952 እ.ኤ.አ. የወጣው የዩሮስታይል ቀዳሚ፣ ማይክሮግራማ፣ ትልልቅ ብቻ ነበሩት። ዛሬም እንዲህ ያሉ አሉ።

• ረጅም ጽሑፍስ? እንዲህ ያለ ደንዳና ፎንት ለርዕስ የሚሆን ነው። ለሜኑና ለብሮሹር ሁለተኛ ፎንት ያስፈልግዎታል፤ ወጪውን ከአሁኑ ይደምሩ።

የድርጅትዎን ስም በአማርኛ ጽፎ፣ አትሞ ለማሳየት ፈቃደኛ ላልሆነ ሻጭ ቀብድ አይክፈሉ።