4,294,967,297 እና የታላቅ ሰው ስሕተት

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሒሳብ ስንጽፍ «እነዚህ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?» የሚል አይጠፋም። ዛሬ የምናነሣው ቁጥር ግን ለማናቸውም ተማሪ ትምህርት አለውና ጥቂት ትዕግሥት እንለምናለን።

አስቀድመን አንድ ቃል እንፍታ። ከ1 በላይ ሆኖ፣ ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር «ብቸኛ ቁጥር» ይባላል። 7 ብቸኛ ነው፤ 9 ግን ለ3 ስለሚካፈል ብቸኛ አይደለም።

በፈረንሳይ አገር፣ በቱሉዝ ከተማ፣ ፒየር ደ ፌርማ የሚባል የሕግ ሰው ነበር። ሒሳብን የሚያጠናው በትርፍ ጊዜው ነው። ከ2 ተነሥተን የምናገኘውን ሁሉ በራሱ እያባዛን ብንሄድ 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536 ይመጣሉ። በእያንዳንዱ ላይ 1 ብንጨምር 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 ይሆናሉ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ስለዚህ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 በጻፈው ደብዳቤ፣ በዚህ መንገድ የሚገኙት ሁሉ ብቸኛ መሆናቸውን እንደሚያምን ገለጸ፤ ማረጋገጫ እንዳላገኘለት ግን አልሸሸገም።

ስድስተኛው ቁጥር 4,294,967,297 ነው። ከ92 ዓመት በኋላ፣ በ1732፣ በሴንት ፒተርስበርግ ይኖር የነበረው የስዊስ ተወላጅ ሌዮናርድ ኦይለር፣ ገና በ25 ዓመት ዕድሜው ገደማ፣ ይህ ቁጥር ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አሳየ። ድርሻውም 6,700,417 ነው።

641 እንዴት ተገኘ? ያለ ዘዴ የሚፈልግ ሰው ከ65,536 በታች ያሉትን 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች በተራ መሞከር ይኖርበታል። ኦይለር ኋላ እንዳስረዳው ግን፣ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ሁሉ ለ64 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። እነዚህም 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ ይቀጥላሉ። እንግዲህ በአምስተኛው ሙከራ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

እኛም አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን ወረቀትና እርሳስ ይዘን ብናካፍል ቀሪ ወጣብን። «ኦይለር ተሳስቷል» ልንል ጥቂት ሲቀረን፣ ደግመን ብንሠራው አንድ መቀነስ የሳትነው እኛው ሆነን ተገኘን።

አምስት ምስክሮች አንድ ቃል ሰጥተው ስድስተኛው ፍርዱን አፈረሰው። ፌርማ ግን የሚያምነውንና ያረጋገጠውን ለይቶ ስለ ተናገረ አላፈረም። ከ65,537 ወዲያ በዚህ መንገድ የሚገኝ ሌላ ብቸኛ ቁጥር እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ጨርሶ የለም ብሎ ያረጋገጠም አልተገኘም። እኛስ ከመምህር አፍ የሰማነውን በደብተር ገልብጠን፣ ለፈተና ሸምድደን፣ «ማስረጃው ምንድን ነው?» ሳንል የምንመረቅ ስንቶች ነን? በታሪክም ሆነ በሕግ ትምህርት አንድ 641 የሚጠብቀን መሆኑን አንርሳ።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ እኛንም በቃላችን ብቻ አትመኑን። እርሳስ አንሡና 641ን በ6,700,417 አባዙ።