ስለ አዝመራ ትምህርትና ስለ አቀንጭራ

የአዝመራን ዕውቀት በዩኒቨርሲቲ መማር ማለት ባላገሩ ከአባቱ የተቀበለውን የእርሻ ሥራ እንደ ገና መማር ማለት አይደለም። ሞፈሩንና ቀንበሩን ባላገሩ ከማንም አስተማሪ ይልቅ ያውቃል። ተማሪው የሚማረው አዝመራው የጐደለበትን ምክንያት መርምሮ ማግኘትን ነው፤ ምክንያቱ ላልታወቀ ጕዳት መድኃኒት አይገኝለትምና።

ለዚህም አቀንጭራ ምሳሌ ይኾናል። ማሽላው ሲጠወልግ ባላገሩ ዝናም አነሰው ይላል፤ ሹሙም ይህንኑ ተቀብሎ ይጽፋል። ነገር ግን የአቀንጭራ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ኾኖ፥ በመሬት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቈይ ይችላል። የማሽላው ሥር የሚያወጣው ፈሳሽ ሲደርሰው ይበቅልና ከሥሩ ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን ይመጠዋል። አበባው ከመሬት በላይ በሚታይበት ጊዜ ብዙው ጕዳት አስቀድሞ ተፈጽሟል። ስለዚህ ዘግይቶ ማረም የዓመቱን ማሽላ ብዙም አያድንም፤ ዘር ሳያፈራ መንቀሉ ግን ለሚመጣው ዘመን ይጠቅማል።

መድኃኒት የተባለውም ነገር ሳይፈተን አይታመንም። ተማሪው ሦስት ዓይነት የማሽላ ዘር ቢሰጠው፥ መሬቱን በአራት ይከፍላል፤ በየክፍሉም ሦስቱን ዘሮች ቦታቸውን በዕጣ እየለየ ይዘራል፤ ይህም 12 መደብ ይኾናል። አንዱ ዘር በለማው፥ ሌላው በተጐሳቈለው መሬት ላይ ብቻ ቢወድቅ፥ የመሬቱ ብርታት የዘሩ ብርታት መስሎ ያሳስታልና። ምርቱንም በሚዛን መዝኖ ይጽፋል እንጂ በዓይን አይገምትም።

የዚህ ትምህርት ፍሬ በፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ሥራ ታይቷል። እርሳቸው በወሎንኮሚ ከባላገር ቤት ተወልደው፥ በልጅነታቸው ለትምህርት እሑድ 20 ኪሎ ሜትር ያኽል በእግራቸው እየኼዱ ዓርብ ይመለሱ ነበር። በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓመት ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከሚባለው ከዓለማያ ኮሌጅ በዕፀዋት ትምህርት ተመረቁ፤ በ1978ም በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። በኋላም ከባልደረቦቻቸው ጋራ፥ አቀንጭራን የሚያነቃው ፈሳሽ ከሥሩ እጅግ ጥቂት ብቻ የሚወጣ ማሽላ መርጠው አራቡ። ጠላት ሳይነቃ ቀረ ማለት ነው። ስለ ማሽላ ሥራቸውም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው።

እንግዲህ አገር የሚያስተዳድር ሰው አዝመራ ሲጐድል ዝናም አነሰ ብሎ ከመጻፉ በፊት ማሽላውን አስነቅሎ ሥሩን ያስመርምር። አዲስ ዘርም ለአውራጃው ኹሉ ከመታዘዙ በፊት በአገሩ መሬት ላይ ይፈተን፤ ሳይፈተን የታዘዘ ዘር ቢከሽፍ የሚራበው ባላገሩ ነውና። ባለ መሬትም ለፈተናው ጥቂት መደብ ቢለቅ አይጐዳም። ከኹሉም በላይ አእምሮው የተከፈተ የባላገር ልጅ በድኽነት ምክንያት ከትምህርት እንዳይቀር መርዳት ይገባል።