ጸጥተኛው ልጅና ትምህርቱ
ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ የመወያያ ትምህርት

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ትምህርት ቤቶች የሚረብሽ ልጅ ሳይውል ሳያድር ይታወቃል፤ መምህሩ ይገሥጸዋል፣ ወላጁም ይጠራል። ጸጥተኛው ልጅ ግን ዓይኑ ከሰሌዳው፣ ልቡ ከሌላ ስፍራ ሆኖ ከኋላ ተቀምጦ ይውላል። «ጨዋ ነው» ተብሎም ይታለፋል። ዓመቱ አልቆ ፊደል ሳይለይ ሲገኝ ደግሞ ያው ልጅ «አእምሮው ዝግ ነው» ይባላል። ከመጀመሪያው ፍርድ እስከ ሁለተኛው ድረስ «ልጄ፣ ምን ሆነሃል?» ብሎ የጠየቀው የለም። ይህን የሚጠይቅ ሰው በየሰበካው እንዲኖር ስለምንሻ ይህን ትምህርት አቅርበናል።

ከቅዱስ ያሬድ ታሪክ የምንማረው

ቅዱስ ያሬድ በሕፃንነቱ ከአጎቱ ከመምህር ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባው ብሎ ይገረፍ እንደ ነበር፣ ሸሽቶም ከዛፍ ሥር ሳለ ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ ዛፉን የወጣችውን ትል አይቶ እንደ ተመለሰ ሁላችን እናውቃለን። ታሪኩን ለልጆች ስለ ጽናት ስንል እንነግራቸዋለን። ለእኛ ለታላላቆችም ግን የሚለው አለው። የዜማው አባት በአንድ ወቅት ትምህርት የማይገባው ልጅ ነበረ። ዱላው ያተረፈለት ሽሽትን ነው፤ ሲመለስ ግን መምህሩ በምሕረት ተቀበለው።

አስቀድመን እንጠይቅ

*ጆሮ፦* በብርዳማው ደጋ ጉንፋን የሚደጋገምበት ልጅ ጆሮው መግል ሊይዝ ይችላል። በደንብ የማይሰማ ልጅ የማያዳምጥ ይመስላል። ከኋላው ቆመን በዝግታ ስሙን ብንጠራው እናስተውላለን።

*ዓይን፦* መጽሐፉን ወደ ፊቱ የሚያስጠጋ፣ ዓይኑን የሚያጨነቁር ልጅ ሰሌዳው ላይታየው ይችላል። ሌላው ሰው አጥርቶ እንደሚያይ ስለማያውቅ ግን አይናገርም።

*ሆድና ደም፦* የበልግ ዝናብ በቀረበት ዓመት ቁርስ ሳይቀምስ ዳገት ወጥቶ የሚማር ልጅ ጥቂት አይደለም። የሆድ ትላትልና የደም ማነስም ያደክማሉ። የአዮዲን እጥረት እንቅርትን ከማምጣቱም በላይ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል፤ በአገራችን ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ በ2003 ዓ.ም. ደንብ የወጣውም ስለዚህ ነው። ጨው በተከደነ ዕቃ ቢቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል ቢጨመር አዮዲኑ ይጠበቃል።

*ድካምና ሐዘን፦* ሌሊት ተነሥቶ በግ ያሰማራ፣ ወይም እናት አባቱን ያጣ ልጅ ሐሳቡ ቢባዝን አይደንቅም።

*ድንገተኛ ፍዝዝ ማለት፦* በቀን ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሰኮንድ ዓይኑ ፈጥጦ የሚቀር፣ ሲጠሩት የማይሰማ፣ ወዲያው የሚመለስ ልጅ የማይጥል ዓይነት የሚጥል በሽታ ሊኖርበት ይችላል። ይህም መድኃኒት አለው።

ትኩረቱ ራሱ ሲያስቸግር

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ምክንያት ያልተገኘለት ልጅም ይኖራል። ትኩረትን አጽንቶ መያዝ የሚከብዳቸው ልጆች ሁሉ የሚቅበጠበጡ አይደሉም፤ በዝምታ በሐሳብ የሚርቁም አሉ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ የወላጅ ጥፋትም፣ የአእምሮ ማነስም አይደለም። እንዲህ ያለው ልጅ ከፊት ቢቀመጥ፣ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ቢታዘዝ፣ ትምህርቱ በአጭር በአጭሩ ተከፍሎ ቢደጋገምለት ይረዳዋል። የአብነት ትምህርት ቤታችንም መንገዱን ያውቀዋል፤ ልጁ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠቆመ ይቆጥራል፣ ታላቁ ልጅ አጠገቡ ሆኖ ያርመዋል።

የነፍስ አባት ድርሻ

የጨነቃት እናት ብዙ ጊዜ አስቀድማ የምትነግረው ለነፍስ አባቷ ነው። በዚያች ሰዓት የሚሰጣት መልስ የልጁን ዕድል ሊወስን ይችላል። «ልማዱ ነው፣ ያድጋል» ቢላት ዓመታት ያልፋሉ፤ «ግረፊው» ቢላት ልጁ ይበልጥ ዝም ይላል። ጸሎቱና ጠበሉ ሳይቋረጥ ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ወደ ጤና ጣቢያው፣ ሲያስፈልግም ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ ሆስፒታል ይላካት። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም እንዲወስዱ መምከራቸውን እናስታውሳለን፤ ለሕፃናትም መንገዱ ያው ነው።

ለውይይት

1. በሰበካችን ከትምህርት ወደ ኋላ የቀሩ ጸጥተኛ ልጆች እነማን ናቸው? ማንስ ይጎበኛቸዋል?
2. ሐኪም ቤት መድረስ ላልቻለ ቤተሰብ ሰበካ ጉባኤው የመጓጓዣውን ወጪ እንዴት ይሸፍናል?
3. በአብነትና በመደበኛ ትምህርት ቤቶቻችን ዱላን በምን እንተካው?

ውይይታችን ከአንድ ልጅ ስም ይጀምር። ያን ልጅ በሚቀጥለው ሰንበት በስሙ ጠርተን «እንዴት ነህ?» እንበለው፤ ቶሎ ባይመልስልንም እንታገሠው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።