ልቃቂትና ዝተት በአንድ ገበታ፦ የአማርኛ መስቀለኛ ቃላት አሠራር

በአማርኛ መስቀለኛ ቃላት ለማዘጋጀት የተነሣ ሰው አስቀድሞ ይህን ይወቅ፦ የእንግሊዝኛው ዘዴ በእኛ ፊደል ላይ እንዳለ አይሠራም። የዛሬው ጨዋታ የተነሣው በእንግሊዝኛ ነው። አርተር ዊን የተባለ ጋዜጠኛ ታኅሣሥ 12 ቀን 1906 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ዎርልድ በተባለው ጋዜጣ ላይ አሳተመው። እንግሊዝኛ 26 ፊደል ብቻ ስላለው ሁለት ቃላት የሚገናኙበት ቦታ አይቸግርም። የእኛዎቹ 33 ዋና ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃሎቹም ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ስለ መገናኛው ነው፤ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።

ሥራው የሚጀምረው ቃል ከመሰብሰብ ነው። ከተማችን፣ የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ፣ ለዚህ የተመቸች ናት። ከታች የጀማ ሸለቆ የማሽላ አገር ነው፤ ከላይ መንዝ የገብስና የበግ አገር። ቆላው ዘንጋዳ፣ ማማ፣ ወንጭፍ ይሰጣችኋል። ደጋው ደግሞ ዝተት፣ ባና፣ ጓሳ፣ ጅብራ፣ አስታ። የአንዱ ሰፈር ልጅ በየቀኑ የሚሰማው ቃል ለሌላው ሰፈር ልጅ ብርቅ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ክፍል ሲማሩ ጨዋታው ራሱ ያገናኛቸዋል።

አረጋውያን ዘንድ ስትሄዱ «ብርቅ ቃል ይንገሩኝ» አትበሉ። እንዲህ የተጠየቀ ሰው አንድም ቃል አይመጣለትም፤ ለእሱ ብርቅ አይደሉምና። ሥራውን ጠይቁ።

«እማማ፣ ጥጡ ከተነደፈ በኋላ ለመፍተል ሲዘጋጅ ምን ይሉታል?»

«አመልማሎ ነዋ፣ ልጄ።»

«ተፈትሎ ሲጠቀለልስ?»

«ልቃቂት። የምፈትልበት ይሄ እንዝርት፣ ጥጡን የነደፍኩበት ያ ደጋን።»

በአንድ ጥያቄ ጀምራችሁ አራት ቃል ይዛችሁ ትወጣላችሁ። አባባ ዘንድም እንደዚሁ ነው፦ ድግሩንና ማረሻውን አጥብቆ የሚይዘውን የብረት ቀለበት ስም ጠይቋቸው፤ ወገል ብለው ሳይጨርሱ እርፉን፣ ሞፈሩን፣ ምራኑን ያስከትላሉ። ከቻላችሁ ዕቃው ባለበት ቦታ ጠይቁ፤ እጅ ዕቃውን ሲነካ አፍ ስሙን ቶሎ ያገኛል። ቃሉን ስትጽፉ የሰማችሁበትን ቀበሌ ከጎኑ አስፍሩ፣ ኋላ ይጠቅማችኋል።

ቀጥሎ ማመሳከር ነው። እኔ በእጄ የማቆየው የደስታ ተክለ ወልድን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ነው፤ በ1962 ዓ.ም. የታተመ፣ ለገጠር ዕቃና ለእርሻ ቃል ወደር የማላገኝለት። በ1951 የወጣው የተሰማ ሀብተ ሚካኤል መዝገበ ቃላትና በ1993 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ያሳተመውም ጥሩ መመሳከሪያዎች ናቸው። የደስታን መጽሐፍ ስትገልጡ ቃላቱ በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ እንደተደረደሩ አትርሱ። ብዙዎቹ የወጡ ስሞችም ከግሣቸው ሥር ናቸውና ማረሻን በመ ሳይሆን በአረሰ ፈልጉ። ይህን ያላወቀ ሰው ቃሉ የለም ብሎ መጽሐፉን ያጥፋል፣ ቃሉ ግን እዚያው ነው። ደስታ ይህን ተራ ከመምህራቸው ከኪዳነ ወልድ ክፍሌ ነው የያዙት። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ኪዳነ ወልድ ተረክበው ደከሙበት፤ እሳቸው ሲያልፉ ደስታ አደራውን ተቀብለው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ሦስት ሰው በአንድ መጽሐፍ ላይ ዕድሜውን እንደሰጠ እያሰብኩ ገጹን ስገልጥ ለአንዲት ቃል መልፋት አይከብደኝም።

መጽሐፍ ላይ ያላገኛችሁትን ቃል አትጣሉት። በተለያየ ቤት የሚኖሩ ሁለት ሰዎች አንዱ ሌላውን ሳይሰማ ያንኑ ፍቺ ከሰጡ አስገቡት።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ። ድብኝት የሚለውን ቃል ወደ ጎን ጻፋችሁ እንበል። ሁለተኛው ሳጥን «ብ» ነው። ከእሱ ላይ ቀንበርን ወደ ታች ለማሳለፍ ያምራችኋል፤ ቀንበር ውስጥ «በ» አለና። አይሆንም! «ብ» ሳድስ ነው፣ «በ» ግዕዝ ነው፤ አንድ ሳጥን ሁለቱን አይይዝም። በወረቀት ላይ ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ዓይን ያልፈዋል፤ ገበታው ግማሽ ከሄደ በኋላ ሲታወቅ ደግሞ አንዱን ቃል ማውጣት ስድስቱን ማፍረስ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን መገናኛ ፊደል ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። ዓይናችሁን አትመኑ፣ ጆሯችሁን እመኑ።

መፍትሔው ከሳድስ መነሣት ነው። የአማርኛ ስም ብዙውን ጊዜ በሳድስ ያልቃል፣ በመካከሉም ሳድስ አያጣም። እኔ የሰበሰብኳቸውን ቃላት በመጀመሪያ ፊደላቸው አልደረድርም፤ ለእያንዳንዱ ሳድስ ፊደል አንድ መስመር እከፍታለሁ፣ ያ ፊደል ያለበትን ቃል ሁሉ በየትኛውም ቦታ ይሁን እዚያ እጽፋለሁ። በ«ት» መስመር ድብኝት፣ ዝተት፣ ሌማት፣ ልቃቂት፣ እንዝርት ይሰለፋሉ። በ«ር» መስመር ቀንበር፣ ሞፈር፣ ድግር፣ ብርሌ፣ እንዝርት። በ«ድ» መስመር ድብኝት፣ ድግር፣ ማድጋ፣ ምጣድ፣ ረፋድ። አንድ ቃል በሁለት ሦስት መስመር ሲደጋገም ደስ ይበላችሁ፤ ገበታውን የሚሸከመው እሱ ነው። ይህን ዝርዝር ሳትሠሩ ሳጥን አታስምሩ።

በቤት ዕቃ ብቻ የተሠራች ትንሽ ገበታ እነሆ፦

■ ■ ■ ዝ
■ ■ ■ ተ
ድ ብ ኝ ት
■ ር ■ ■
■ ሌ ማ ት
■ ■ ድ ■
■ ■ ጋ ን

ወደ ጎን ድብኝት፣ ሌማት፣ ጋን፤ ወደ ታች ዝተት፣ ብርሌ፣ ማድጋ። እዩት፦ «ብ» ላይ ቀንበር እምቢ ሲል ብርሌ ገባ፤ የብርሌ «ሌ» ሌማትን ወለደች፤ የሌማት «ማ» ማድጋን። «ሌ» ኃምስ ስለሆነች በመደበኛው አስቸጋሪ ናት፣ ነገር ግን በእሷ የሚጀምር ቃል በእጅ ስለነበረ አለፈች።

ሳድስ የሌላቸው ወይም ያነሳቸው ቃላት ለየብቻ ይታሰቡ። አመልማሎ አምስት ሳጥን ይይዛል፤ ሳድሱ «ል» ብቻ ነው። ግን «መ» ላይ መንሽን፣ «ማ» ላይ ማማን፣ «ሎ» ላይ ደግሞ ከላይ የሚወርድ ቆሎን ማምጣት ይቻላል። እንዲህ ያለውን ቃል ገበታው መሀል ላይ አስቀድማችሁ አኑሩት፤ መጨረሻ ላይ አስገባዋለሁ ያለ ሰው ቦታ አያገኝለትም። ግሥም የራሱ ጠባይ አለው፦ በሦስተኛ መደብ ኀላፊ ጊዜ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ በግዕዝ ያልቃል፣ ሰበረ፣ ነደፈ፣ ፈተለ እያለ። መጨረሻውን በግዕዝ ከሚጀምር ስም ራስ ጋር አጋጥሙት፤ ሰበረ ሲያልቅ ረፋድ ይጀምራል። «ን»፣ «የ»፣ «ው» እየለጠፉ ቃሉን ወደ ሳጥኑ ልክ መጎተት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ተጫዋቹ እርቃኑን ቃል ነውና የሚፈልገው። ዲቃላ ፊደል አንድ ሳጥን ነው፦ ጓሳ ሁለት፣ ቋንቋ ሦስት።

ሁለተኛው ከባድ ነገር ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። የከተማችን ስም ራሱ ምስክር ነው፤ በታፔላ ላይ ዓለምም አለምም ተብሎ ታገኙታላችሁ። መርሐቤቴም መርሃቤቴ ይባላል። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ በአንድ ድምፅ ስለሚነበቡ አንዱን ሳጥን ስድስት ልጆች በስድስት ዓይነት ሊሞሉት ይችላሉ፣ ስድስቱም ቃሉን ያውቁታል። ከእነሱ መካከል «ተሳስተሃል» የምትሉት ማንን ነው? ቃሉን እያወቀ በፊደል ምክንያት መስቀለኛው የተበላሸበት ልጅ ሁለተኛ ገበታው አጠገብ አይመጣም።

አንዳንዱ አዘጋጅ «በመዝገበ ቃላቱ አጻጻፍ ብቻ» የሚል ማሳሰቢያ ከላይ ይጽፋል፤ ሌላው ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ይቀንሳል። ሁለቱም ያስኬዳል። እኔ የምመርጠው ግን ሌላ ነው፦ ሞክሼ ፊደል ያለበት ሳጥን ላይ ሁለተኛ ቃል አታሳልፉ። ዓለምን ስታስገቡ በ«ለ» ወይም በ«ም» አገናኙት፣ የመጀመሪያውን ሳጥን ብቻውን ተዉት። ያኔ ልጁ በአልፋው አ ይጻፈው በዓይኑ ዐ ሌላው ቃል አይነካም፤ ትክክለኛውን አጻጻፍ መልሱ ሲወጣ ያየዋል፣ ይማርበታልም። ይህ ነገር የአዘጋጁን ሥራ ያበዛል እንጂ የተጫዋቹን አያበዛም፤ መሆን ያለበትም እንደዚህ ነው።

ብርቅ ቃል ከብርቅ ቃል ጋር አታጋጥሙ። ወገልን የማያውቅ ልጅ «ል» ላይ ልቃቂት ቢያልፍበት፣ ልቃቂትንም ባያውቅ፣ ያ ሳጥን ለዘላለም ባዶ ነው። አሜሪካኖች ለእንዲህ ዓይነቱ መገናኛ ስም አውጥተውለታል፤ ናቲክ ይሉታል፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ባለች ከተማ ስም፣ እሷን የማያውቅ ሰው ተሰናክሎባት ስለቀረ። እያንዳንዱ ብርቅ ቃል ቢያንስ በሁለት የታወቁ ቃላት ይደገፍ። ከሦስት ቃል አንዱ ብርቅ ከሆነ በቂ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጨዋታነቱ ቀርቶ ፈተና ይሆናል።

የእንግሊዝኛ ክበብ ላላችሁ አንድ ነገር በመንገዴ ልጨምር። ስክራብል የተባለውን የፊደል ጨዋታ ስትጫወቱ ተማሪዎቹ ማንም የማያውቃቸውን የፈረንጅ ቃላት ከማጥናታቸው በፊት ከአገራቸው የሄዱትን ይወቁ። ጤፍ በጨዋታው የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ውስጥ አለ፣ መጨረሻው «ኤፍ» አንድም ሁለትም ሆኖ ይፈቀዳል። ብር አለ፤ የሰሜን አሜሪካው ዝርዝር ብዙ ቁጥሩን «ብሮች» ብሎ እንደ እኛው ይቀበላል። ንጉሥ አለ፣ አቡነ አለ። የጓሳው ጭላዳም አለ፣ በስድስት ፊደል። ጫት ደግሞ በ«ኪው»፣ በ«ኤ» እና በ«ቲ» ተጽፎ «ኪው» ያለ «ዩ» እጁ ላይ የቀረችበትን ተጫዋች ያድናል። የመንዝ ልጅ ጭላዳን ሰሌዳው ላይ ሲደረድር ፍቺውን ማንም አይነግረውም።

ፍንጭ ስትጽፉ ተጫዋቹ ቃሉን ባያውቅ እንኳ ነገሩን እንዲያየው አድርጉ። «የቤት ዕቃ» ፍንጭ አይደለም። ለጋን «ጠላ የሚጠመቅበት ትልቁ የሸክላ ዕቃ»፣ ለዝተት «የደጋ ብርድ የሚመክት፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራ»፣ ለጓሳ «የመንዝ ሣር፣ ለቤት ክዳን የሚሆን»። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ አንዱን ጽሑፍ በሁለት ፍንጭ ማስጠየቅም ይቻላል፤ ገና በዓሉም ነው፣ ጊዜው ያልደረሰውም። ፍንጩን በእንቆቅልሽ መልክ ማውጣት የሚችል ካለ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ መልሱ በሚነበብበት ቀን ያልቻለው ቡድን እንደ ወጉ አገር ይስጥ።

ገበታውን ከመለጠፋችሁ በፊት ፍንጩን ብቻ ይዞ የሚሞላ አንድ ሰው አስቀምጡ፤ በዝግጅቱ ያልነበረ ይሁን። የቆመበትን ሳጥን ምልክት አድርጉ እንጂ አትርዱት። ቀጥሎ ሌላ ሰው አስሞክሩ፤ እሱም እዚያው ቦታ ከቆመ ጥፋቱ የመገናኛው ነው፣ ቃሉን ለውጡ።

መልሱ ከሳምንት በኋላ ይውጣ። ከእያንዳንዱ ብርቅ ቃል ጎን ያን ቀን ያሰፈራችሁትን ቀበሌ ወይም የተገኘበትን መዝገበ ቃላት ጻፉ። «እኛ ቤት እንዲህ አንለውም» ብሎ ሌላ ስም ይዞ የሚመጣ ልጅ አይጠፋም፤ ስሙን ተቀበሉት፣ ከማን እንደሰማው ጠይቁት፣ ወዲያውም በየትኛው ሳድስ መስመር እንደሚገባ አብራችሁ እዩ።