የዐረብኛ ስም መጨረሻና የዐረፍተ ነገር አሠራር

ዐረብኛ የሚጀምር ተማሪ ፊደሉን ካወቀ በኋላ ፈጥኖ የሚሰናከለው በስም መጨረሻ ነው። «ቤቱ» ለማለት አንድ ጊዜ «አል-በይቱ»፥ አንድ ጊዜ «አል-በይተ»፥ ሌላ ጊዜ «አል-በይቲ» ሲባል ይሰማና ለንባብ ማማሪያ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የዐረብ ሊቃውንት «ኢዕራብ» የሚሉት ይህ ለውጥ የስሙን ሙያ የሚያስታውቅ ነው። ግዕዝ በጥቂቱም ቢሆን የተማርን ሰዎች ጉዳዩን ለመረዳት አንቸገርም።

ሙያዎቹ ሦስት ናቸው።

1ኛ፤ «ረፍዕ»፤ መጨረሻው ካዕብ ሲሆን የባለቤት ምልክት ነው።
2ኛ፤ «ነስብ»፤ መጨረሻው ግዕዝ ሲሆን የተሳቢ ምልክት ነው።
3ኛ፤ «ጀርር»፤ መጨረሻው ሣልስ ሲሆን ለዘርፍና ከመስተዋድድ በኋላ ለሚመጣ ስም ይሆናል።

ስሙ ያልታወቀ ሲሆን «አል» ይቀርና በመጨረሻው «ን» ይጨመራል፤ «በይቱን፥ በይተን፥ በይቲን» ይባላል። ይህ «ን» በሦስቱም ላይ ስለሚገኝ ከአማርኛው የተሳቢ «ን» ጋር እንዳናምታታው እንጠንቀቅ። ከሦስቱ ምልክቶች ሁለቱን ብቻ የሚቀበሉ ስሞችም አሉ፤ እነርሱን ግን ለጊዜው እናቆያቸው።

አሁን ምሳሌ እንመልከት። «ቀተለ አር-ረጁሉ አል-አሰደ» ማለት ሰውየው አንበሳውን ገደለ ማለት ነው። «ቀተለ አር-ረጁለ አል-አሰዱ» ብንል ግን ሟቹ ሰውየው ይሆናል። የቃላቱ ተራ አልተለወጠም፤ የተለወጡት ሁለት አናባቢዎች ብቻ ናቸው። የዐረብኛ ጽሕፈት ደግሞ አጫጭር አናባቢዎችን እንደ ልማዱ ስለማይጽፍ ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች በወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ገዳዩንና ሟቹን የሚለየው አንባቢው ነው።

በግዕዝም «ሐነጸ ንጉሥ ቤተ» ስንል «ቤት» ተሳቢ በመሆኑ መጨረሻው ወደ ግዕዝ ይለወጣል። ዝምድናው በዚህ አያበቃም። በግዕዝ «ኮነ ንጉሠ» እንደምንል በዐረብኛም «ካነ መሊከን» ይባላል፤ የሁለቱም ግሥ ሥር አንድ ነው፥ ሁለቱም ስሙን በተሳቢ መልክ ያስከትላሉ። ልዩነቱ በዘርፍ ላይ ነው። ግዕዝ «ኆኅተ ቤት» ብሎ የፊተኛውን ቃል ሲለውጥ ዐረብኛ «ባቡ አል-በይቲ» ብሎ የኋለኛውን ይለውጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የእኛ ፊደል ለውጡን በግልጽ ሲያሳይ የዐረብኛው ይደብቀዋል።

ስሕተቱ ምን ያህል እንደሚያደርስ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ7ኛው መቶ ዓመት በባስራ የኖረው አቡል አስወድ አድ-ዱአሊ ሴት ልጁ ሰማዩን አይታ «ማ አሕሰኑ አስ-ሰማኢ» አለችው ይባላል። ይህ «ከሰማይ ምኑ ያምራል?» የሚል ጥያቄ ስለሆነ አባትየው «ከዋክብቱ» ብሎ መለሰ። እርሷ ግን ማድነቋ እንጂ መጠየቋ አልነበረም። «እንግዲያስ <ማ አሕሰነ አስ-ሰማአ> በዪ» ብሎ አረማት። ስለ ሰዋስው ማሰብ የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው ብለው የሚተርኩ አሉ። በ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ፋርሳዊው ሲበወይህ «አል-ኪታብ» በተባለው መጽሐፉ የቋንቋውን ሕግ በሰፊው አደራጀው።

ዛሬ በካይሮና በደማስቆ ገበያ የሚነገረው ዐረብኛ እነዚህን መጨረሻዎች ትቶ በቃላት ተራ ይረዳል። በመጻሕፍትና በጋዜጣ ቋንቋ ግን ሕጉ እንደ ጸና ነው። ስለዚህ የዐረብኛ ጽሑፍ ሲገጥመን ድምፃችንን ከማሰማታችን በፊት አድራጊው ማን ነው፥ የተደረገበት ማን ነው፥ ዘርፉስ የትኛው ነው ብለን እንመርምር። ይህን ሳያደርግ የታሪክ ሰነድ የሚያነብ ተማሪ ድል የነሣውን ድል እንደ ተነሣ አድርጎ ሊጽፍ ይችላል።